ወንድሜ ኮረሪማ ውስጥ ያስቀመጠው ሲጋር

ይህ ነገር የገጠመኝ ወንድሜ ታዬ በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ወንድሙ ሲሞትበት ትዝ የሚለው የቀብሩ ቀን ወይም የሆስፒታሉ አልጋ ይሆናል። እኔን ግን ታዬ ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሲኒማ ራስ አካባቢ ባለች አንዲት የስፌት መኪና መጠገኛ ውስጥ ያሳለፍኩት ግማሽ ቀን ነው። እዚያ ቤት ውስጥ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋር አጨስኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አጭሼ አላውቅም።

ጽሑፍ ብዙ አልችልበትም። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። ስለዚህ እንደሆነው እንደሆነው ልንገራችሁ።

ታዬ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ከጎጃም መጥቶ መርካቶ ቅመም ተራ ውስጥ አንዲት ጠባብ መደብ ይዞ ነው ያሳደገን። አባታችን ሲያርፍ ታዬ ትምህርቱን አቋርጦ መደቡን ያዘ። ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ ይሸጣል። የሚወደው ግን ኮረሪማውን ነበር። አንዷን ፍሬ ጆሮው ሥር አድርጎ ያንቀጫቅጫትና «ይቺ ደርሳለች»፣ «ይቺ ገና ናት» ይላል። ሲፈለቀቅ እንዳለው ሆኖ ይገኛል።

አንድ ቀን አንድ መርከበኛ ለእናቱ ቅመም ሊገዛ መጣ። ሐበሻ ነው፤ ባሕር ላይ ሲሠራ ቆይቶ ለዕረፍት መግባቱ ነበር። ቅመሙን ይዞ ቦርሳውን ረስቶ ሄደ። ታዬ ቦርሳውን ከፍቶ አላየውም። መደቡ ሥር አስቀመጠውና ሦስት ቀን ሙሉ ምሳውን እንኳን የሚበላው እግሩን ቦርሳው ላይ አድርጎ ነበር። በአራተኛው ቀን ሰውየው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ፓስፖርቱም የመርከብ ወረቀቶቹም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ሊሸልመው ቢል ታዬ «እኔ ቅመም ሻጭ እንጂ የቦርሳ ዘበኛ አይደለሁም» ብሎ ሳቀበት። ያን ጊዜ ሰውየው ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ ሲጋር፣ ያለ ወረቀት በትምባሆ ቅጠል ብቻ የተጠቀለለ ወፍራም ሲጋራ፣ አወጣ።

ርዝመቱ ከመዳፌ ያልፋል። ውፍረቱ እንደ አውራ ጣት ነው። ቀለሙ በጣም ከመጥቆሩ የተነሣ ቡኒነቱ የሚታየው ፀሐይ ላይ ሲያዞሩት ብቻ ነው። ወገቡ ላይ እንደ ቀለበት የተጠመጠመ ወርቅማ ወረቀት አለው።

«ይሄ የዓለም አንደኛው ነው» አለው ሰውየው። «በደስታህ ቀን ለኩሰው።»

ከጎናችን በርበሬ የሚሸጠው ሸምሱ ሲጋሩን ባየ ቁጥር አያልፈውም ነበር። «አንተ ታዬ፣ ይሄ እኮ ቋንጣ ነው! ለእትዬ ስጣትና ሽሮ ላይ ጣል ታድርገው» ይላል። እትዬ የሚላት እናታችንን ነው። ተራው በሙሉ ይስቃል። ታዬም አብሮ ይስቃል። ግን ሰውየውን አምኖት ነበር።

ሲጋሩ ሲሰጠው በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ታዬ ላስቲኩን ቀዶ ጣለው። እኛ ዘንድ ቅመም ላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል፤ ጥሩ ዕቃ የሚቀመጠው በጨርቅ ነው። ስለዚህ ከአቡጀዲ ትንሽ ከረጢት ሰፋለትና ለጥሩ ደንበኞች ከሚያስቀምጠው የኮረሪማ ጆንያ መሐል ቀበረው። «እዚህ ሙቀትም ብርድም አያገኘውም» አለ። ጆንያው ሲያልቅ ወደ አዲሱ ያዛውረዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ።

የደስታ ቀን ያለው የእኔን የአሥረኛ ክፍል ውጤት ነበር። «ሙሌ ወደ መሰናዶ ሲያልፍ እንለኩሰዋለን» ይል ነበር። ውጤቱ መጣ። አላለፍኩም።

ወረቀቱን ይዤ ወደ መደቡ ስሄድ ገና ከሩቅ አይቶኝ አወቀ። ጆንያውን ከፈተና ከረጢቷን አወጣ።

«ና በል፣ ሙሌ» አለኝ። «አሥር ዓመት መማርም ትንሽ ነገር አይደለም። ዛሬ እንለኩሰው።»

እኔ አፍሬ ነበር፤ ማፈሬ ደግሞ ወደ ንዴት ተለወጠ። ሸምሱም ደንበኞችም እየሰሙ እንዲህ አልኩት፦ «ምኑን ነው የምንለኩሰው? ሰውየው ሞኝ አገኘሁ ብሎ እኮ ነው የሰጠህ! የሚጣል ነገር ሰጥቶህ ሁለት ዓመት እንደ ወርቅ ትደብቃለህ። ሁሉም ይስቅብሃል፤ አንተ ብቻ ነህ የማታውቀው።»

ታዬ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሲጋሩን ወደ ከረጢቷ፣ ከረጢቷን ወደ ጆንያው መለሰ። እጁን ካራገፈ በኋላ «ምሳ በልተሃል?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሲጋሩ ተነጋግረን አናውቅም።

ከዚያ በሦስተኛው ወር ታመመ። የጉበት ሕመም ነው አሉን። በተኛ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ መደቡን እኔ ከፈትኩት። የኮረሪማውን ጆንያ ሳገላብጥ ከረጢቷ እጄ ላይ መጣች። ሸምሱ ከጎን ሆኖ አየኝ። በዚያን ቀን ስለ ቋንጣ አላነሣም።

«ሸምሱ፣ ይሄ ነገር እውነተኛ ይመስልሃል?» አልኩት።

«ወላሂ እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው በርበሬ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ሲኒማ ራስ ጋ ኩባው የሚሉት ሰውዬ አለ። ስፌት መኪና ይጠግናል። ልጅ ሆኖ ኩባ አገር ነው ያደገው። እሱ ያውቅ ይሆናል። ሂድ፣ መደቡን እኔ አይልሃለሁ» አለኝ።

ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሲጋሩ የማይረባ ከሆነ ወንድሜ ተሞኝቶ ሞቷል፤ እኔም ያንን በሰው ፊት ነግሬዋለሁ። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ያልተሞኘውን ሰው ሞኝ ብዬዋለሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም ነበር። ብቻ ማወቅ ፈለግኩ።

ቤቱ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው። እስከ ጣራው ድረስ የስፌት መኪና ራሶች ተደርድረዋል። ስሙ ዘሪሁን ነው። ጠጉሩ ሸብቷል እንጂ አርባ አይሞላውም። አንቱ ብዬ ሰላም ስለው «አንቱ አትበለኝ፤ ጠጉሬ የሸበተው የሰው መኪና ስጠግን ነው እንጂ በዕድሜ አይደለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ጋሼ እያልኩ አንተ አልኩት።

ከረጢቷን ፈትቼ ሳሳየው በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። ሲጋሩን ግን አልነካውም።

«እጄ ዘይት ነው» አለና ተነሣ። ደጅ ባለው በርሜል ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ጣቶቹን አሸተተና ሦስተኛ ጊዜ በባዶ ውሃ ታጠበ። ሰው ሊበላ ሲል እንኳን እንደዚያ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም።

አባቱ በጦርነት ሲሞት ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ኩባ እንደተላከ ነገረኝ። እዚያው አደገ። ከመመለሱ በፊት ሁለት ዓመት ሲጋር የሚጠቀለልበት ቤት ሠርቷል። «መቶ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠቀልላል፤ አንድ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብልናል» አለኝ። «ዜናው ሲያስከፋ የቀኑ ሥራ ይበላሻል።»

ከዚያ ወደ ሲጋሩ ተመለሰ። «መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ እጅ፣ ቀጥሎ አፍንጫ። እሳት መጨረሻ ነው።»

ወደ በሩ ብርሃን አውጥቶ ቀስ ብሎ አዞረው። «ይሄ የላዩ ቅጠል ቀሚሱ ነው። የጠቆረው ተክሉ ላይ ፀሐይ ጠግቦ፣ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ተከምሮ በገዛ ሙቀቱ በስሎ ነው። ቀለም የሚቀቡም አሉ።» ነጭ ብጣሽ ጨርቅ በውሃ ነካ አድርጎ ቅጠሉን አንድ ጊዜ አበሰው። ጨርቁን አየሁት። ጥቁር ነገር አልወጣበትም። «ቀለም አይደለም» አለ። ከዚያ ልብስ ሰፊ ስፌት እንደሚፈልግ የቅጠሉን መጋጠሚያ በጥፍሩ ፈለገ። ለረጅም ጊዜ አላገኘውም። ፈገግ አለ።

በሁለት ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጫን ጫን አደረገው። «የደደረ ቦታ የለውም። ባዶ ቦታም የለውም። የጠቀለለው ሰው እጁ የተፈታ ነው።»

ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ፊቱ ተለወጠ። ደግሞ አሸተተው። የግርጌውን ጫፍ አሸተተ፤ ጎኑንም አሸተተ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «ትምባሆ ብቻ አይደለም። ጣፋጭ ነገር አለበት። የማውቀው ሽታ ነው፤ ስሙ ግን አልመጣልኝም።» ሲጋሩን ከአፍንጫው አራቀና «ርካሽ ቅጠል ላይ ሽቶ እየረጩ ለመንገደኛ የሚሸጡ አሉ። ላየ ሰው ደህና ይመስላል። ይቅርታ፣ የኔ ወንድም» አለኝ።

ሲጋሩን ልመልስበት ከረጢቷን አነሣሁ። ታዬ ሦስት ቀን እግሩን ቦርሳው ላይ አድርጎ ምሳ ሲበላ ታየኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ ገቡ። እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ አብነት አካባቢ የትራስ ልብስ ይሰፋሉ። መኪናቸውን ሊወስዱ መምጣታቸው ነበር። ገና እግራቸው ደፉን ሳያልፍ ቆም አሉ።

«ምነው፣ እዚህ ቤት ዛሬ ዶሮ ተሠራ እንዴ? ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል!»

ጋሽ ዘሪሁን ጭኑን መታ። «ኮረሪማ! እሱ ነው እኮ!» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር ምን ውስጥ ነው ያስቀመጣችሁት?»

ነገርኩት። የመርከበኛውን ስጦታ፣ የላስቲኩን መቀደድ፣ አቡጀዲውን፣ ጆንያውን፣ ሁለት ዓመቱን ነገርኩት።

ሳቀ። ዓይኑ እስኪያለቅስ ሳቀ። እትዬ በላይነሽ «ምኑ ነው የሚያስቀው? እኔም ጥሩ ልብሴን በኮረሪማ ነው የማስቀምጠው» አሉት።

«ልብስ ይወደው ይሆናል» አለ። «ትምባሆ ግን አጠገቡ ያለውን ሁሉ የሚጠጣ ቅጠል ነው። ዓሣ አጠገብ ብታስቀምጪው ዓሣ ይሆናል። የዚህ ሰውዬ ሲጋር ሁለት ዓመት ኮረሪማ ሲጠጣ ከርሟል።»

እኔ ደግሞ ያፈርኩት በራሴ አፍንጫ ነው። ኮረሪማ አይሸተኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቤታችንም፣ ልብሳችንም፣ እንጀራችንም ኮረሪማ ነው። ሰው «ቅመም ቅመም ትላለህ» ሲለኝ እንኳን ምን እንደሚሸተው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ዘሪሁን ሳቁን ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «አሁንም ቁርጡን መናገር አልችልም። ዓይኔና እጄ እውነተኛ ነው ይላሉ። አፍንጫዬን ግን ኮረሪማው ያዘብኝ። የቀረው እሳት ነው። ከተለኮሰ ደግሞ አይመለስም። ይዘኸው ብትሄድ አልቀየምህም።»

እትዬ በላይነሽ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የወንድሜ ነው፣ ሞቷል አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ነፍስ ይማር። ታዲያ አንተ ምን አስቸገረህ? እንደ ማስታወሻ አታስቀምጠውም?»

የዚያን ቀን ታዬን በሰው ፊት ያልኩትን ነገርኳቸው። ለእናቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም። ለምን ለሁለት የማላውቃቸው ሰዎች እንደተናገርኩ አሁንም አይገባኝም። ስናገር መሬቱን ነበር የማየው። መሬቱ ላይ ብዙ የወዳደቀ ክር ነበር።

ከዚያ እትዬ በላይነሽ አንድ በርጩማ ወደ በሩ ሳብ አደረጉና «እኔ ጭስ አልወድም፤ እዚህ ንፋሱ ጋ እቀመጣለሁ። ለኩስለት» አሉት።

ወደ እኔ አየ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

የሲጋሩን ጫፍ በምላጭ ስስ አድርጎ ቆረጠ። ክብሪት ጫረና ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ሲጋሩን እሳቱ ውስጥ ሳይከት ከላይ እያዞረ እንደ በቆሎ እሸት አሞቀው። ሦስት ክብሪት ፈጀ። በመጨረሻ ወደ አፉ ወሰደው፣ አንዴ ሳበ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጭሱን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ቁንዶ በርበሬ» አለ። «ምላስ ጫፍ ላይ።» ደግሞ ሳበ። «አሁን ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና። ከሥሩ ደግሞ ጥቁር ማር የመሰለ አለ… እሱ ነው የቅጠሉ የራሱ ጣፋጭነት።» ሦስተኛ ሲስብ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄው ደግሞ መጣች ኮረሪማዋ! ሁሉንም ትሸፍናለች።»

እኔ አፉን አፉን አየዋለሁ። እሱ ግን አመዱን እያየ ነበር። አመዱ ወደ ነጭ ያደላ ግራጫ ነው። የጣት አንጓ ያህል ሆኖ እንኳን አልረገፈም።

«እይ» አለኝ። «ውስጡ ፍርፋሪ ቢሆን ይሄኔ ጭኔ ላይ ነበር። ሙሉ ሙሉ ቅጠል ነው፤ በደንብ የተጠቀለለ። ስማ፣ ይሄ እውነተኛ ነው። እኔ እዚያ ቤት ስሠራ እንዲህ ያለውን ለእንግዳ ብቻ ነበር የምናወጣው። ያ መርከበኛ ያለውን ምርጥ ነገር ነው የሰጠው። ወንድምህን ማንም አላሞኘውም።»

ሌላም የሚለው ነገር እንዳለው ያስታውቅ ነበር፤ ትንሽ አመነታ። «እውነቱን ግን ልንገርህ። እንደ ሲጋር ተበላሽቷል። ከአሥር ማርክ ስጥ ብትለኝ አራት ነው የምሰጠው። ያበላሸውም ሌላ ሰው አይደለም፤ ወንድምህ ራሱ ነው።»

«አንተ ደግሞ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «የሞተ ሰው ላይ ማርክ ይሰጣል?»

«ለሲጋሩ እኮ ነው የሰጠሁት፣ እትዬ። ለሰውየውማ አሥር ነው የምሰጠው። እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው አላየሁም። ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ ነው ያበላሸው።»

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ታዬ ከሞተ በኋላ የሳቅኩት የመጀመሪያ ሳቅ ነው። ምክንያቱም ልክ እንደሱ ነበር። የእናቴን መድኃኒት አይጥ እንዳይነካው ብሎ በርበሬ ውስጥ ደብቆት ሲያስነጥሳት የከረመ ሰው ነው።

ጋሽ ዘሪሁን ሲጋሩን ዘረጋልኝ። «በል፣ ላንተ ቀን ነበር ያስቀመጠው።»

እንደ ሲጋራ መስሎኝ ወደ ውስጥ ሳብኩት። ደረቴ ተዘጋ። ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ሳልኩ። እትዬ በላይነሽ እየሮጡ መጥተው ጀርባዬን መቱኝ። «ኧረ ልጁን ጨረስከው!» አሉ። አላፊ አግዳሚው አንገቱን እያስገባ አየን። በጣም አፈርኩ።

«አይዋጥም እኮ» አለኝ ጋሽ ዘሪሁን። «አፍህን ስትጉመጠመጥ እንደምታደርገው ያዘውና ልቀቀው።»

ሁለተኛውን እንዳለኝ አደረግኩ። መጀመሪያ መራራ ነበር። ቀጥሎ ምላሴን አቃጠለኝ። ጭሱን ስለቀው በአፍንጫዬ በኩል የሆነ ነገር መጣ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ኮረሪማ ነው። ሲሸተኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደግሞ ኮረሪማ ብቻ አይደለም፤ የታዬ ኮት ነው። በክረምት ከትምህርት ቤት ስመለስ መደቡ ላይ የሚደርብልኝ ኮት እንደዚያ ይሸት ኖሯል። በዚያን ጊዜ ሳላውቀው ነበር የምለብሰው።

ሦስተኛ አልሳብኩም። ጋሽ ዘሪሁንም አልሳበም። ልረግጠው ስል እጄን ያዘኝ። «ሲጋር አይደፈጠጥም። አስቀምጠው፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይጠፋል።»

ባዶ የማሽን ዘይት ጣሳ ላይ በአግድም አስቀመጠው። ሦስታችንም አየነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። እትዬ በላይነሽ አማተቡ። ከዚያ «በል አንተ፣ መኪናዬን አምጣልኝ» አሉት፤ ሥራው ቀጠለ።

ስወጣ ጋሽ ዘሪሁን የቀረውን ግማሽ በአቡጀዲው ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ማስቀመጥ ከፈለግክ ከኮረሪማው አርቀው» አለኝ።

ወደ መደቡ ስመለስ ሸምሱ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። «እህስ?» አለኝ። «የዓለም አንደኛ ነው» አልኩት። ሸምሱ ተራውን በሙሉ ጠርቶ ነገረ፤ ቋንጣ ሲሉ ለነበሩት ሁሉ፣ አንድ በአንድ።

ያልኩትን ቃል መልሼ መዋጥ አልችልም። ታዬም እውነቱን እኔ እንዳወቅኩ አያውቅም። ይህ አሁንም ይከብደኛል። ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ አያንቀኝም። እሱ ሰውየውን አምኖ ነበር፤ ማመኑም ልክ ነበር። አራት ከአሥር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያም በራሱ በታዬ እጅ።

መደቡን አሁን የምሠራው እኔ ነኝ። ኮረሪማ ጆሮዬ ሥር አንቀጫቅጬ መለየት ጀምሬአለሁ፤ አንዳንዴ እሳሳታለሁ። የሲጋሩ ግማሽ በከረጢቷ እንዳለ ኮረሪማው ውስጥ ነው። ጆንያው ሲያልቅ ወደ አዲሱ አዛውረዋለሁ።